የሶቪየት ሌንስ በዘመኑ ካሜራ ላይ

ስልካችሁ ላይ «ፖርትሬት» የሚለው ነገር ከሰው ጀርባ ያለውን የሚያደበዝዘው በአብዛኛው በሌንስ ሳይሆን በሶፍትዌር ስሌት ነው። አንዳንዴ ፀጉርንና የጆሮ ጌጥን አብሮ የሚበላውም ለዚህ ነው። ከስልክ ወደ ካሜራ የተሻገሩ ብዙ ወጣቶች ታዲያ እውነተኛውን ብዥታ ፍለጋ የት ሄዱ? ሶቪየት ኅብረት!

በጣም የሚፈለገው ሔሊዮስ 44-2 ነው፤ 58 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ 2። ዜኒት ከሚባለው ካሜራ ጋር አብሮ ይሸጥ ነበር። ንድፉ የመጣው ከጀርመኑ ካርል ዛይስ ቢዮታር ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች የዛይስን ቴክኖሎጂ ወስደው የራሳቸውን አመረቱ። ደግሞም በገፍ ነው ያመረቱት፤ ዛሬም ከአዲስ ሌንስ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው።

ቅጠል የበዛበት ዛፍ ከኋላ አድርጋችሁ፣ አፐርቸሩን 2 ላይ ከፍታችሁ ሰው አንሱበት። በቅጠሎቹ መሃል ያለው ብርሃን በሰውየው ዙሪያ የሚሽከረከር ይመስላል። ጠርዝ ላይ የሚገባው ብርሃን በሌንሱ አካል በከፊል ስለሚጋረድ፣ ክብ መሆን የነበረበት ነጥብ የድመት ዓይን ቅርጽ ይይዛል። በመሐንዲስ ዓይን ጉድለት ነው። ሰው የሚገዛው ግን ለዚሁ ጉድለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2024 ለዕይታ የበቃው «ዱን፦ ክፍል ሁለት» እንኳ ከፊሉ የተቀረጸው በአሮጌ የሶቪየት ሌንሶች ነው።

አሁን ወደ ገንዘባችሁ እንምጣ። ሽክርክሪቱ ያለው ጠርዝ ላይ ስለሆነ ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ አብዛኛውን ቆርጦ ያስቀረዋል። ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን የምትጠብቁ ከሆነ ፉል ፍሬም ያስፈልጋችኋል፤ ይህን ሻጩ አይነግራችሁም። በትንሹ ሴንሰር ላይ ግን 58ቱ እንደ 87 ሚሊሜትር ስለሚሆን ለፊት ፎቶ አሪፍ ነው።

መግጠሙ ቀላል ነው። ሌንሱ ከሴንሰሩ 45.46 ሚሊሜትር መራቅ አለበት፤ የሶኒ ሚረርለስ ካሜራዎች ርቀት 18 ብቻ ነው። አዳፕተር የሚባለው ልዩነቱን የሚሞላ ባዶ የብረት ቀለበት ነው፣ ውስጡ መስታወት የለም። የድሮዎቹ ባለመስታወት ኒኮኖች ግን 46.5 ስለሆኑ በባዶ አዳፕተር ሩቁን አያጠሩም። ካሜራው ሌንሱን ስለማያውቀው ያለ ሌንስ እንዲያነሳ የሚፈቅደውን ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ክፈቱ። አውቶ ፎከስ የለም፤ በእጅ እያዞራችሁ ነው የምታጠሩት። የሚሮጥ ሕፃን ለማንሳት እንዳታስቡት።

ስትገዙ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ በውስጡ እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት።

ደግሞ በደርግ ጊዜ ሞስኮ ወይ ኪየቭ የተማረ አጎት ካላችሁ መጀመሪያ ቁም ሳጥኑን አስፈትሹ። ዜኒት ከተገኘ ሌንሱ በመጠምዘዝ ይወልቃል። ብቻ የጥንቶቹ ጥርስ 39 ሚሊሜትር፣ የኋለኞቹ 42 ነውና አዳፕተር ከማዘዛችሁ በፊት በማስመሪያ ለኩት።