ከባሶ ገበያ እስከ ዓባይ በረሃ፦ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያና የጎጃም መንገደኛ

ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ማልዶ ከመናኸሪያ የወጣ አውቶቡስ የሚገባበትን ሰዓት በግምት መናገር ይቻላል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሰዓቱን የሚቆርጠው የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ አንድ ቀን በጉም ይሸፈናል፣ አንድ ቀን ናዳ ይወርድበታል፣ አንድ ቀን ደግሞ አስፋልቱ ተሰንጥቆ ያድራል። ተሳፋሪው ይህን የሚሰማው ብዙ ጊዜ እዚያው ከደረሰ በኋላ ነው።

ይህ ዳሰሳ የጎጃም መንገደኛ ከፊቱ የሚጠብቀውን ዝናብ በየዘመኑ ከማን እየሰማ እንደተጓዘ ይመለከታል። ባለፉት 70 ዓመታት መንገዱ ተሻሽሏል፤ ትንበያውም ተሻሽሏል። ሁለቱን የሚያገናኘው አሠራር ግን ገና አልተሠራም። ዋጋውን የሚከፍለውም መንገደኛው ነው።

ክረምት መንገዱን ሲዘጋ

መኪና ከመምጣቱ በፊት ማስጠንቀቂያው ወቅቱ ራሱ ነበር። ጎጃም ዓባይ የዞረው አገር ነው። ወንዙ ከሰኔ ጀምሮ ሲሞላ መልካው ይዘጋል፤ ሲራራ ነጋዴውም ጭነቱን አራግፎ ይከርማል። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ በየጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ የዚህ ሥርዓት ማሳያ ነው። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎጃምን የዞረው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከወንዙ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣ ነበር፤ ከወዲህ ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይሻገር ነበር። ክረምቱ ሲጠና ይህ ሁሉ ይቆማል። መስቀል አልፎ ውኃው ሲጎድል ቅፍለቱ እንደገና ይነሣል።

ዝናቡን ለማሸነፍ የተሞከረበት ጊዜም ነበር። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው። መካከሉ ከፈረሰ በኋላ የአካባቢው ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገርበት ነበር። ሰው ያንን ገመድ የያዘው ከሥሩ የሚያልፈውን ውኃ ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም፤ የታመመ ዘመድና የገበያ ቀን ክረምት እስኪወጣ አይጠብቁም።

የዚያ ዘመን ማስጠንቀቂያ ሁለት ጥንካሬ ነበረው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ይታዘዘዋል። ድካሙ ጅምላ መሆኑ ነው። አንድ ክፉ ሳምንት ለመሸሽ ሦስት ወር ሙሉ ቤት መቀመጥን ይጠይቅ ነበር።

መንገዱና ትንበያው በአንድ ዘመን ተወለዱ

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። የሚቲዎሮሎጂ ሥራም በሲቪል አቪዬሽን ሥር እንደ አንድ ትንሽ ክፍል የተጀመረው በዚያው ዘመን ነው። በአንድ ዘመን የተወለዱት ሁለቱ ሥራዎች ግን እየተነጋገሩ አላደጉም። የአየር ሁኔታ ትንበያ የተቋቋመው ለአብራሪዎች ነበርና መንገድ ሠሪውና ሹፌሩ ከደንበኞቹ መካከል አልነበሩም።

ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ ይታያል። አንድ አብራሪ ከመነሣቱ በፊት የነፋሱን፣ የደመናውንና የእይታ ርቀቱን መረጃ መቀበል ግዴታው ነው። የሚያርፍበት ቦታ ከተሸፈነ አይነሣም፤ ከተነሣም ሌላ ማረፊያ አስቦ ነው። ስልሳ ሰው ጭኖ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሹፌር ግን ፍሬኑና ጎማው ይታያል እንጂ የዕለቱ ዝናብ አይነገረውም። ሁለቱም የሰው ነፍስ አደራ ይዘዋል። ማስጠንቀቂያ እንደ ሕግ የሚሠራው ግን ለአንደኛው ብቻ ነው።

ደብረ ማርቆስ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ሀብት አላት። የከተማዋ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ከስድሳ ዓመት በላይ ዝናብ ሲለካ የኖረ ነው። በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚዘንብና አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት እንደሚወርድ በልበ ሙሉነት የምንናገረው በየማለዳው መለኪያውን ያነበቡ ሠራተኞች ስላሉ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም መዝገብ ያላቸው የአገራችን ከተሞች ጥቂት ናቸው።

ድርቅን የሚጠብቅ ዓይን

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ አገሪቱን ካናወጠ በኋላ የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1960ዎቹ መጨረሻም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘረጋ። የሚቲዎሮሎጂ ሥራ በ1973 ዓ.ም. ከአቪዬሽን ተለይቶ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚለውን ስም ያዘ። በእነዚህ ዓመታት የወቅት፣ የወር፣ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያ እየለመድን መጣን።

የእነዚህ ትንበያዎች ቋንቋ ለእርሻ የተቃኘ ነው። «ከመደበኛው በላይ ዝናብ ይጠበቃል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ጤፍ መቼ ልዝራ ለሚል ገበሬ ቁም ነገር ነው። ነገ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ለሚሳፈር ሰው ግን የሚሰጠው ውሳኔ የለም። አገር ዓይኗን የጣለችው በዝናብ መጥፋት ላይ ነበር፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በረኀብ ያለቀበት ዘመን ስለሆነም ተገቢ ነበር። የዝናብ መብዛት አደጋ ግን ከኋላ ቀረ።

ፊታችንን ወደ ጎርፍ ያዞረው 1998 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ መጨረሻ፣ በሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ጥሶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ፤ በጣና ዙሪያ የፎገራ ሜዳም በውኃ ተጥለቀለቀ። ከዚያ ወዲህ የጎርፍ ማሳሰቢያ በየክረምቱ ይወጣል። ማሳሰቢያው ግን በአብዛኛው ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። በወንዙ ላይ የሚያልፈው መንገደኛ አሁንም አልታሰበም።

ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ

በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ የመንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ወደ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጠግቷል። የጎሃ ጽዮን–ደጀን መንገድ በጃፓን ድጋፍ ተጠገነ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ተመረቀ።

ይህ ታላቅ ሥራ ነው። አብሮት ግን አዲስ አደጋ መጣ። አያቶቻችን ቤት ተቀምጠው በሚያሳልፉት ወር እኛ እንጓዛለን። መንገዱ ክረምት ከበጋ ክፍት ነው ስለተባለ ሠርጉም፣ ሕክምናውም፣ የዩኒቨርሲቲ ጉዞውም፣ የእህል ጭነቱም በሐምሌ ይነሣል። የመንገዱ መሻሻል የማስጠንቀቂያን አስፈላጊነት ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

የዓባይ በረሃ አፈጣጠር ደግሞ ከመሐንዲሱ ጋር የሚታገል ነው። ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ፣ ከታች አሸዋ ድንጋይ ተደራርቧል። በቁልቁለቱ ላይ ለዘመናት የተንከባለለ አፈርና ቋጥኝ ተከምሯል። ዝናቡ ወደዚህ ክምር ሲሰርግ ሸክላው ይለሰልሳል፣ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ይላል፣ ክምሩም ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። አስፋልቱ የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው በዚህ ምክንያት ነው። መንሸራተቱ ከዝናቡ ኋላ ይዘገያልና መስከረም ላይ ፀሐይ ወጥታ እንኳ መሬቱ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ዛሬ አልዘነበም ብሎ መተማመን እዚያ አይሠራም። ይህን ጠባይ ለማጥናት የጃፓን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር በቦታው ላይ ሠርተዋል። ስለዚህ ቦታው አይታወቅም የሚል ምክንያት የለንም።

ይህ መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው ምርጫ ሩቅ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ ተመልሶ በነቀምት በኩል መዞር ጉዞውን በእጥፍ ያስረዝማል። ነዳጁ ይጨምራል፣ አትክልቱ ይበላሻል፣ ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ ይጉላላል።

ጮቄ ላይ የዘነበ

አደጋው በትልቁ አውራ ጎዳና ብቻ አይወሰንም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው ጮቄ ተራራ የጨሞጋና የሌሎች ብዙ ወንዞች ምንጭ ነው። በደጋው ደመና የሚከብደው ከቀትር በኋላ ነው፤ ገበያተኛው ወደ ቤቱ የሚመለሰውም በዚያው ሰዓት። እሱ የቆመበት ቦታ ደረቅ ሳለ ተራራው ላይ የወረደው ዝናብና በረዶ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ጠዋት በድንጋይ ላይ ረግጠው ያለፉት ወንዝ ማታ እስከ ሰው ደረት ይደርሳል። ለዚህ ሰው ከማዕከል የሚላክ የክልል ትንበያ አይበቃም፤ ከላይ ያለው ቀበሌ ለታችኛው የሚደውልለት ጥሪ ያስፈልገዋል።

መሬት ላይ ያለው አደጋም እየከበደ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። የዓመቱ ድምር ባይለወጥ እንኳ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ዱብ የሚልበት ዕድል ይሰፋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ክረምት በሰሜን ጎንደር ጠለምትም ናዳ ሰው ጨርሷል። ናዳ የዘጋው መንገድ ላይ ከመኪና ወርዶ የሚሰበሰብ ሰው የጎፋን ትምህርት ሊያስታውስ ይገባል፤ የተንሸራተተ ቁልቁለት ሊደግም ይችላል።

ዛሬ ወሬው በማን በኩል ይደርሳል?

ዛሬ ለመንገደኛው ፈጥኖ የሚደርሰው ማስጠንቀቂያ የሹፌሮች ስልክ ነው። ከጎሃ ጽዮን የተነሣው ለደጀኑ ይደውላል፣ የደጀኑ ለማርቆሱ ይነግራል። ይህ መተሳሰብ ስንት ሰው እንዳተረፈ የሚያውቀው አምላክ ነው። ነገር ግን መንገዱ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው፤ ሊዘጋ ነው የሚል ሰው በሰንሰለቱ ውስጥ የለም። ገበሬው በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 አጭር የስልክ ቁጥር አለው፤ ደውሎ ስለ እርሻው ይጠይቃል። መንገደኛው እንዲህ ያለ የታወቀ ቁጥር የለውም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የቀጠለው ግጭትም የሞባይል ኢንተርኔትን አቋርጦ ነበር፣ ጉዞንም አስተጓጉሏል። ስለዚህ በኢንተርኔት ብቻ የሚላክ ማስጠንቀቂያ ለጎጃም አስተማማኝ መንገድ አይሆንም፤ ሬዲዮ፣ አጭር መልእክትና የመናኸሪያ ድምፅ ማጉያ የግድ ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በመጋቢት 2014 ዓ.ም. እያንዳንዱ የምድር ነዋሪ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲጠበቅ ዕቅድ አውጥቷል። ኢትዮጵያም ሥራው መጀመሪያ ከሚያተኩርባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቀነ ገደቡ እየቀረበ ነው።

ትንበያን ከውሳኔ ማሰር

ለዓባይ ድልድይ የሠራችልን ጃፓን ለራሷ ተራራማ መንገዶች የምትጠቀምበት ግልጽ ደንብ አላት። ናዳ በሚያሰጋው መንገድ ላይ የዝናብ መለኪያ ይተከላል፤ ዝናቡ አስቀድሞ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ናዳው ሳይወርድ መንገዱ ይዘጋል። ማንም ስብሰባ አይጠራም፣ የበላይ ትእዛዝ አይጠበቅም። ቁጥሩ ራሱ ትእዛዝ ነው። ዝናቡ አባርቶ ቁልቁለቱ ሲታይ ይከፈታል።

የጎሃ ጽዮን–ደጀን መንገድ በኢትዮጵያ የዚህ አሠራር መጀመሪያ ሊሆን ይገባዋል። ሁለት ጫፍ ብቻ ስላለው ለመዝጋት ይመቻል፤ ጥናቱም የዝናብ መዝገቡም አለ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የመንገዶች አስተዳደርና የትራፊክ ፖሊስ በአንድ ቁጥር ላይ ይስማሙ፤ ሲዘንብ ማን እንደሚዘጋ ከወዲሁ በጽሑፍ ይታወቅ። መንገደኛው ደጀን ወይም ጎሃ ጽዮን ከተማ ላይ ሻይ እየጠጣ ቢጠብቅ፣ ቁልቁለቱ መሐል ከመቆም ይሻለዋል። በየመናኸሪያው ስምሪት ከመሰጠቱ በፊት የዕለቱ ማስጠንቀቂያ በቦታ፣ በሰዓትና በሚደረግ ነገር ተለይቶ ይነበብ፦ የትኛው መንገድ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ምን አድርጉ።

ተሳፋሪም ድርሻ አለበት። ስልሳ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል፤ እስከ ጉልበት የደረሰ ደራሽ እግረኛን ይጥላል። «ሂድ፣ እናልፋለን» እያሉ ሹፌሩን መገፋፋት ይቅር። ልጠብቅ ያለ ሹፌር በተሳፋሪዎቹ ሊመሰገን ይገባዋል፤ የቆየበት ሰዓትም ከገቢው የማይቆረጥበት ደንብ ባለንብረቶች ያውጡ።

አባቶቻችን የማይለካ ዝናብ ፈርተው ሦስት ወር ይጠብቁ ነበር። እኛ የሚለካ ዝናብ ይዘን ሦስት ሰዓት መጠበቅ አያቅተንም። ኃላፊነት ያለባችሁ ሁሉ፣ የሚቀጥለው ሰኔ ሳይገባ ያንን ቁጥር ወስኑ።