ባራኩዳ ዓሣ፤ ወገኖቹና የገበያ ስሙ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ቦረና የሚዘልቀው መንገደኛ መካነ ሰላም ሲደርስ ከባሕር እጅግ ርቆ ይገኛል። አገሩ ደጋ ነው፤ ከደጋው ግርጌ ዓባይ በጥልቅ ሸለቆ ይፈስሳል። ኢትዮጵያም፣ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ፣ የራሷ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ በቆርቆሮ የታሸገ የባሕር ዓሣ እስከ ደጋ ከተሞች ሱቆች ድረስ ይዘልቃል፤ በጾም ወራት ከሥጋ ተከልክለው ዓሣ የሚመገቡ ብዙዎች ስለሆኑም ፈላጊው ይበረክታል። ስለዚህ አስመጪውም ባለሱቁም የሚሸጠውን ዓሣ ዘር ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ስማቸው ከሚያደናግር ዓሦች አንዱ ባራኩዳ ነው።

ባራኩዳ በሞቃትና ለዘብ ባሉ ባሕሮች የሚኖር አዳኝ ዓሣ ነው። ገላው እንደ ጦር ቀጭንና ረጅም ነው፤ የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው አልፎ ይወጣል፤ ጥርሶቹም እንደ ጩቤ የሰሉ ናቸው። አድፍጦ ይቆይና በድንገት ተወርውሮ ይነጥቃል። የሚያብረቀርቅ ነገር ስለሚስበው ዋናተኞች ጌጣቸውን እንዲያወልቁ ይመከራሉ፤ ሰውን የሚነክሰው ግን እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

ሊቃውንት የባራኩዳን ወገኖች ሁሉ ስፊሬና በሚሉት አንድ ነገድ ይጠቀልሏቸዋል፤ ቁጥራቸውም ከ20 በላይ ነው። ከትልልቆቹ የሚቆጠረው ታላቁ ባራኩዳ ርዝመቱ ከ1 ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ካደገም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይኖራል። ሌሎች ወገኖች በመንጋ ይዋኛሉ። ቀይ ባሕር ታላቁን ባራኩዳ ጨምሮ ልዩ ልዩ ወገኖች አሉበት። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ በኋላም ባለቢጫ ጭራው ወገን ወደ ሜዲቴራንያን ተሻግሮ ከቀድሞው ነዋሪ ከአውሮፓ ባራኩዳ ጋር ይኖራል።

ነጋዴው የሚሳሳተው በስሙ ነው። በአውስትራልያና በኒው ዚላንድ «ባራኩታ»፣ በደቡብ አፍሪካ «ስኑክ» የሚባለው ዓሣ ከባራኩዳ ነገድ አይደለም፤ ሳይንሳዊ ስሙ ቲርሲቴስ አቱን ነው። ብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህንኑ ዓሣ በቆርቆሮ በብዛት አስመጥታ ሕዝቡ ስላልወደደው ብዙው ሳይሸጥ ቀርቷል።

ከስም ስሕተት የሚብሰው ግን የጤና ጉዳት ነው። በዛጎል ድንጋይ አካባቢ በሚበቅሉ ደቂቅ ሕዋሳት የሚፈጠር ሲጓቴራ የተባለ መርዝ ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ እየተላለፈ በትልልቅ ባራኩዳዎች ገላ ውስጥ ይከማቻል። መርዙ በዓይንም በሽታም በጣዕምም አይታወቅም፤ ማብሰል፣ ማቀዝቀዝ፣ በጨው ማድረቅም አያጠፋውም። የበላውን ሰው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከንፈሩን ያደነዝዘዋል፤ ቀዝቃዛውንም ነገር የሚያቃጥል ያስመስልበታል። ስለዚህ በአንዳንድ ቦታዎች የባራኩዳ ሽያጭ በሕግ የተከለከለ ነው።

በወሎና በጣና ውኆች ባራኩዳም ሆነ ይህ መርዝ የለም። በጣና የአዳኝነቱን ሥራ የሚፈጽሙት የነጭ ዓሣ ወገኖች ናቸው፤ ከ15ቱ ወገኖች 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚመገቡ ሲሆኑ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ሆኖም ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ በመረብ ስለሚጠመዱ ቁጥራቸው ተመናምኗል። በዚያ ወራት ዓሣውን የሚገዛ ነጋዴ የነገውን ገበያውን ራሱ ያደርቃል።

እንግዲህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የዓሣውን ሳይንሳዊ ስም፣ የተጠመደበትን ባሕር፣ የጤና ምስክር ወረቀቱን። ባለሱቁም በቆርቆሮው ላይ ስሙና የማብቂያ ቀኑ በግልጽ ያልታተመበትን ዕቃ አይረከብ። በመካነ ሰላም ገበያ የታወቀ ነጋዴ የሚከበረው በዕቃው ብዛት ሳይሆን ደንበኛው ተመልሶ በመምጣቱ ነው።