ቦንቦሊኖ ከየት መጣ?

አንድ አዛውንት አሉ። የሚመጡት ከጣና ዳር ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። ማንበብ የተማሩት በቅርቡ ነው። በገበያ ቀን ድንች በአህያ ጭነው ባሕር ዳር ይገባሉ። አንድ ቀን ድንቹን ሸጠው፣ ገንዘቡን በኩታቸው ጫፍ ቋጥረው ሲመለሱ፣ መንገድ ዳር በእጅ የምትገፋ ጋሪ ቆማ አዩ። ጋሪዋ ላይ የመስተዋት ሳጥን አለ። በመስተዋቱ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። አዛውንቱ ቆሙና ፊደል በፊደል አነበቡት፤ «ቦ - ን - ቦ - ሊ - ኖ»።

በማግስቱ ወደ ትምህርቱ ቦታ መጡና እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ፊደሉን አንድም ሳልስት አነበብኩት። ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ማንበብ ማለት እንዲህ ነው እንዴ?»

ትንሽ ዝም አሉና ደግሞ ቀጠሉ፤ «ጋሪዋን የምትገፋው የወንድሜ ልጅ ናት። የገበሬ ልጅ መንገድ ላይ ቆማ የፈረንጅ ምግብ ስትሸጥ አየሁና አፈርኩ። ሰላም ሳልላት አለፍኩ።»

እኔም አፈርኩ። ቦንቦሊኖ እየበላሁ ነው ያደግኩት። ከየት እንደመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። «አባባ፣ አንብቤ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው የሰጠሁት መልስ ነው። ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

1. ቃሉ ምንድን ነው?

ቦንቦሊኖ ከስንዴ ዱቄት፣ ከእርሾና ከስኳር ተቦክቶ በዘይት የሚጠበስ ጣፋጭ ዳቦ ነው። ክብ ነው፤ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ መሃሉ ቀዳዳ አለው። ቃሉ የኢጣሊያ ነው። በኢጣሊያ ቦምቦሎኔ የሚባል የተጠበሰ ዳቦ አለ። ስሙ የመጣው «ቦምባ» ከሚለው ቃል ነው። ቦምባ ማለት ቦምብ ነው። ዳቦው ተነፍቶ እንደ ቦምብ ስለሚድበለበል ነው እንዲህ የተባለው።

እንግዲህ ከአንድ አገር ሁለት ቦምብ መጣብን ማለት ነው። አንዱ በአውሮፕላን መጣና ሕዝብ ፈጀ። ሁለተኛው በመጥበሻ መጣና ልጆች ወደዱት።

የኢጣሊያ ቃል ይህ ብቻ አይደለም። ፉርኖ ዳቦ የምንለው «ፎርኖ» ከሚለው ቃል መጥቷል፤ ምድጃ ማለት ነው። ፓስታ ማለት ሊጥ ማለት ነው። ሳልሳ፣ ማካሮኒ፣ ማኪያቶ፣ ሁሉም ከዚያው ናቸው። በሙቀት ጊዜ ልጆች የሚልሱት ጀላቲም የኢጣሊያ ቃል ነው። የቀዘቀዘ፣ የረጋ ማለት ነው።

ጣና ዳር አሳ ቤት ስትገቡስ? «አሳ ጉላሽ» ይሏችኋል። ጉላሽ የሀንጋሪ ሕዝብ ቃል ነው። ትርጉሙ የከብት እረኛ ማለት ነው። እረኞች ሜዳ ላይ በብረት ድስት የሚሠሩት የሥጋ ወጥ ነበር። ስለዚህ ምግቡ የትልቅ ጌታ ምግብ አልነበረም። እንደ እኛው ያለ የእረኛ ምግብ ነው። ስሙ ዞሮ ዞሮ የጣና አሳ ላይ አረፈ።

2. እንዴት ወደ አገራችን ገባ?

በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረ። በቦምብና በመርዝ ጋዝ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። ባሕር ዳርንም ያዘ። የጎጃም አርበኞች፣ እነ በላይ ዘለቀ፣ በዱር በገደሉ ተዋጉት። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተሸንፎ ወጣ።

ወራሪው ብዙ ወታደርና ብዙ የመንገድ ሠራተኛ ይዞ ነበር የመጣው። ይህ ሁሉ ሰው የለመደውን ምግብ መብላት ፈለገ። ስለዚህ በየከተማው ዳቦ ቤትና ቡና ቤት ተከፈተ። ጠላት ሲወጣ አንዳንድ ኢጣሊያኖች ግን እዚሁ ቀሩ። ከእነዚህ ውስጥ መካኒኮች፣ ግንበኞች፣ ዳቦ ጋጋሪዎችና ምግብ ቤት የከፈቱ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን እነርሱ ዘንድ ተቀጠሩ። ሊጥ አቦኩ፤ ምድጃ አነደዱ፤ ሙያውን ተማሩ። ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ምግቡ ከፈረንጅ እጅ ወጥቶ ወደ እኛ እጅ ገባ።

ታዲያ ምግቡን ማን ይገዛዋል? ገጠር ያለ ሰው እቤቱ ይጋገርለታል። ከተማ ያለ ደመወዝተኛና ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ገዝቶ ነው የሚበላው። ባሕር ዳርን ተመልከቱ። በ1953 ዓ.ም. ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተሠራ። ሠራተኛ መጣ፤ ተማሪ መጣ። ቶሎ የሚደርስ፣ በእጅ ተይዞ የሚበላ ምግብ ፈላጊው በዛ።

3. ሌላውስ ዓለም?

የአገሩን ምግብ ይዞ በሰው አገር መንገድ ላይ የሚሸጥ ሰው በዓለም ሁሉ አለ። ከዛሬ መቶ ዓመት በላይ ብዙ ድሆች ከኢጣሊያ ተራራማ ገጠሮች ተነሥተው ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። መሬት ስላነሳቸው፣ ችግር ስለጸናባቸው ነው የሄዱት። ለንደን ከተማ ገብተው በእጅ የሚገፋ ጋሪ ያዙ። በበጋ አይስ ክሬም፣ በክረምት የተጠበሰ ቼስትነት የሚባል ፍሬ ይሸጡ ነበር። ቋንቋ አያውቁም፤ ሱቅ መከራየት አይችሉም። ጋሪና ጉልበት ግን ነበራቸው።

አይስ ክሬሙን የሚሸጡት በትንሽ ብርጭቆ ነበር። ገዢው ልሶ ይመልሳል። ሻጩ ጠረግ ያደርግና ለሚቀጥለው ሰው ይቀዳበታል። በዚህ ምክንያት በሽታ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ይተላለፋል ተብሎ ብርጭቆው በኋላ ታገደ።

አንድ ሌላ ኢጣሊያዊ ደግሞ አሜሪካ ሄደ። ስሙ ኢታሎ ማርኪዮኒ ይባላል። ኒውዮርክ ከተማ በጋሪ አይስ ክሬም ይሸጥ ነበር። ብርጭቆው ይሰበርበታል፤ አንዳንዱ ገዢም ይዞበት ይሄዳል። እርሱም የሚበላ ጽዋ ለመሥራት አሰበ። ከሊጥ የተጋገረ ስስ ጽዋ ማውጫ መሣሪያ ሠርቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 የባለቤትነት ማስረጃ ወሰደበት። አይስ ክሬሙን ትበላለህ፤ ዕቃውንም ትበላዋለህ። የሚታጠብ ነገር የለም።

ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። እኛ ይህን ብልሃት ከጥንት ጀምሮ እናውቀዋለን። እንጀራ ምግብ ነው፤ ሳህንም ነው። ወጡን አውጥተንበት ሁለቱንም እንበላለን።

የእኛም ሰዎች በሰው አገር እንዲሁ አድርገዋል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተሰደዱ። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን የእንጀራ ምግብ ቤት ከፈቱ። መጀመሪያ ጤፍ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በስንዴና በሌላ ዱቄት ጋገሩ። በኋላ አይዳሆ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል ጤፍ መዘራት ጀመረ። ሎስ አንጀለስ በሚባል ከተማም በ1994 ዓ.ም. አንድ ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰየመ። ፈረንጁ በእጁ እየቆረሰ ዶሮ ወጥ ይበላል። እንጀራ የሚሸጠውን ሰው ማንም ነውረኛ አላለውም።

4. ለምን በጋሪ?

ጋሪ የድሃ ሱቅ ነው። የቤት ኪራይ የለበትም። ገዢው እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ራሱ ወደ ገዢው ይሄዳል። ጠዋት ትምህርት ቤት በር፣ ቀን ገበያ፣ ማታ መናኸሪያ። ችግርም አለበት። ዝናብ ሲመጣ መጠለያ የለም። ውሃ የለም። መንገድ ዘጋችሁ ተብሎ ይባረራል። ያልተሸጠው ያድራል፤ ይበላሻል።

ትርፉስ ምን ያህል ነው? ለምሳሌ እንቁጠር። ዋጋው በየጊዜው ይለዋወጣል፤ እናንተ የዕለቱን ዋጋ ተኩበት።

አንዲት ሻጭ ለአንድ ቀን ሥራ ይህን አወጣች እንበል፤
ዱቄት 100 ብር
ዘይት 120 ብር
ስኳርና እርሾ 30 ብር
ከሰል 50 ብር
ጠቅላላ ወጪ 300 ብር

80 ቦንቦሊኖ ጠበሰች። አንዱን በ5 ብር ብትሸጥ 400 ብር ታገኛለች። ትርፏ 100 ብር ይመስላል። ግን 10 ሳይሸጥ አደረ እንበል። 50 ብር ቀነሰ። 6 ደግሞ በዱቤ ሰጠች፤ አልከፈሏትም። 30 ብር ሄደ። በእጇ የቀረው ትርፍ 20 ብር ብቻ ነው። ከሌሊቱ ጀምራ ሊጥ ያቦካችበት፣ እስከ ማታ የቆመችበት ጉልበት ገና አልተቆጠረም።

ታዲያ ይህን የማትጽፍ ሴት ምን ይደርስባታል? ኪሷ ውስጥ ብር ስላለ ያተረፈች ይመስላታል። ዋናውን ገንዘብ እየበላች መሆኑን አታውቅም። አንድ ቀን ዱቄት መግዣ ታጣለች። ስለዚህ ደብተር ትያዝ። በአንድ በኩል ወጪ፣ በሌላ በኩል ገቢ ትጻፍ። ዱቤ የወሰደውን ሰው ስም ትጻፍ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እንቁላሉ እንዲሄድ ግን ስንት እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

5. ንጽሕናው

መንገድ ላይ የሚሸጥ ምግብ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ሁሉም ጥሩ አይደለም። ለይቶ ማወቅ ነው።

ሀ) ትኩሱን ግዙ። እፊታችሁ ከፈላ ዘይት የወጣ ምግብ ይሻላል፤ ሙቀት ተውሳክን ይገድላል። ቀዝቅዞ ዝንብ የዞረበትን ተዉት።

ለ) ዘይቱን ተመልከቱ። ዘይቱ ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ ጭሱ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ተጠብሶበታል። ለጤና አይበጅም።

ሐ) ዳጣውን ጠይቁ። የድንች ጥብስ ትኩስ ቢሆንም፣ የሚጨመርበት ዳጣ ባልፈላ ውሃ የተበጠበጠ ሊሆን ይችላል። የአንጀት ተስቦ፣ አሜባና ኮሌራ በቆሸሸ ውሃ ይተላለፋሉ። የጣና ውሃ ሲያዩት ጥሩ ነው፤ ሳይፈላ ግን አይጠጣም።

መ) እጅን እዩ። ሻጩ ብር በተቀበለበት እጁ ምግብ ካነሳ ጥሩ አይደለም። አንዱ ገንዘብ ይቀበል፤ ሌላው ምግብ ያንሳ። ብቻውን ከሆነ መቆንጠጫ ይጠቀም። እናንተም ሳትታጠቡ አትብሉ።

የለንደኑን ብርጭቆ አስታውሱ። የብዙ ሰው ጤና የሚበላሸው በክፋት ሳይሆን «ጠረግ ካደረግሁት ይበቃል» በሚል አስተሳሰብ ነው።

6. የማን ምግብ ነው?

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ። የፈረንጅ ምግብ መሸጥ ያሳፍራል ወይ?

እስቲ ማሳችንን እንይ። በቆሎ በድሮ ስሙ «የባሕር ማሽላ» ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ማለት ነው። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ከሩቅ አገር፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በርበሬ እንኳ፣ ያለእርሱ ወጥ የማይባለው በርበሬ፣ መጀመሪያ የበቀለው በአሜሪካ ምድር ነው። ድንችም የዚያው አገር ተክል ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል፤ ጊዜውም በፈረንጆች አቆጣጠር 1858 ነው። እንግዲህ አባባ በአህያ ጭነው የሚያመጡት ድንች ራሱ የእንግዳ ልጅ ነው። ዛሬ ግን ማን እንግዳ ይለዋል? እኛ አረስነው፤ እኛ ኮተኮትነው፤ የእኛ ሆነ።

ምግብ የሚሆነው የሠራውና ያበላው ሰው ነው። የሚያሳፍረው ሰውን ማታለል ነው። የሚያሳፍረው በቆሸሸ እጅ ማብላት ነው። በላብ ሠርቶ፣ በንጽሕና አዘጋጅቶ፣ በትክክል ቆጥሮ መሸጥ አያሳፍርም።

ይህን ሁሉ አንብቤላቸው ስጨርስ አዛውንቱ ብዙም አልተናገሩም። በሚቀጥለው ገበያ ግን ድንቹን አራግፈው በቀጥታ ወደ ጋሪዋ ሄዱ። የወንድማቸው ልጅ ገና ስታያቸው ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ሁለት ቦንቦሊኖ ገዙ። «አይ አጎቴ፣ ከእርስዎ አልቀበልም» ብትላቸው «ጻፊው! ያልተጻፈ ትርፍ ትርፍ አይደለም» አሏት። ደብተር እንዳልነበራት የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ለእርሷ የሚሆን አንድ ደብተር ከእኔ ወስደዋል። መስመሩን ያሰመሩት ራሳቸው ናቸው፤ በአንድ በኩል «ወጪ»፣ በሌላ በኩል «ገቢ» ብለው ጻፉበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ከሌላ አገር የመጡ ሦስት ምግቦችን ወይም ተክሎችን ስም ጻፉ።
2. በምሳሌው ያለችው ሻጭ ከ80 ቦንቦሊኖ 20 ሳይሸጥ ቢያድርባት፣ ዱቤም ባትሰጥ፣ ምን ይቀራታል? አስሉ።
3. በሰፈራችሁ መንገድ ላይ የሚሸጥ ምግብ ንጹሕ እንዲሆን ሻጩ ምን ያድርግ? ገዢውስ?