የዕጣን ሦስት ባሕርያት

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ የሥነ ዕፅ ሊቃውንት ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚሉት የዕጣን ዛፍ ከሚበቅልባቸው የአገራችን ቆላዎች አንዱ ነው። ቅርፊቱ በተፋቀ ጊዜ እየተንጠባጠበ የሚደርቀውን ሙጫ ካህኑ በጽንሐሑ፣ የቤት እመቤትም በማጨሻዋ ፍም ላይ ሲጨምሩት ከእርሱ የሚሹት መዓዛውን ነው፤ መድኃኒት ፈላጊው ግን የሚሻው ሌላ ነው።

በዕጣን ውስጥ ሦስት ባሕርያት ተዋሕደው ይገኛሉ፤ ተን ሆኖ የሚበር ዘይት፣ በአልኮል የሚሟሟ ዝፍት መሰል ክፍል፣ በውሃ የሚሟሟ ማጣበቂያ። ዘይቱን ማውጣት ከአረቄ ማውጣት እምብዛም አይርቅም። የዘይቱ ዋና ክፍል የሆነው ኦክቲል አሲቴት ብቻውን ቢሆን ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሞቀ የማይፈላ ሲሆን፣ ከውሃ ጋራ ሲጣድ ግን የሁለቱ ተን ግፊት ተደምሮ ከአየሩ ግፊት ስለሚተካከል፣ ውሃው ከሚፈላበት ሙቀት ጥቂት ዝቅ ብሎ አብሮ ይነሣል፤ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በአሶሳ ደግሞ ውሃው ራሱ በ95 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ሥራው በለዘበ ሙቀት ይፈጸማል።

እብጠትን ያስታግሣል ተብሎ ብዙ ምርመራ የተደረገበት ቦስዌሊክ አሲድ ግን ሞለኪውሉ ከኦክቲል አሲቴት ከሁለት ዕጥፍ ተኩል በላይ የሚከብድ በመሆኑ ከእንፋሎቱ ጋራ አይወጣም፤ አልኮል ይጠይቃል። አልኮሉም በዘፈቀደ የሚጨመር አይደለም። ዕጣኑ በደቀቀ መጠን ፈሳሹ ቶሎ ይገባበታል፤ ይሁን እንጂ ሲፈጭ ሙቀት አለስልሶት ወፍጮውን ስለሚይዘው አስቀድሞ በብርድ ማጠንከር ያሻል። ሙቀት ሲጨመር ጊዜው ያጥራል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን የሚፈለገው ነገር ይለወጣል። ስለዚህ ብልህ መርማሪ ሙቀትን፣ ጊዜን፣ የፈሳሹን መጠንና የድቀቱን ልክ በየተራ ሳይሆን በአንድነት እየለዋወጠ፣ አንዱ በሌላው ላይ ያለውን ኃይል ይመዝናል።

ብርቱ ፈሳሽ ሁልጊዜ ይበልጣል የሚል ቢኖር እንዶድን ይመልከት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሐርዝያ ተሸካሚዎቹን ለማጥፋት የመረመሩት ይህ ፍሬ፣ በአልኮል ሲወጣ የሚሰጠው ሳፖኒን ኃይል የሌለው ነው፤ ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ ግን የፍሬው የገዛ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ቆርጦ ገዳይ ያደርገዋል። አጣቢዎቹ ያለ ቤተ ሙከራ የደረሱበት ይህ መንገድ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

የዕጣኑ ነገር የሚያስቸኩለው በዛፉ ምክንያት ነው። ቃጠሎና ግጦሽ ችግኙን፣ ከልክ ያለፈ ፍቀትም ዛፉን ስለሚጎዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት የዚህ ዛፍ ዕጣን በ20 ዓመት ውስጥ በእኩሌታ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብዮአል። ዘይት አውጪው የሚደፋው ዝቃጭ እንግዲህ ሊደፋ የሚገባው አይደለም፤ እንፋሎቱ ዘይቱን፣ የፈላው ውሃም ከማጣበቂያው ብዙውን አስቀድመው ስለወሰዱለት፣ ደርቆ አልኮል ሲጨመርበት ከጥሬው ዕጣን ይልቅ ቦስዌሊክ አሲድ የበዛበት ሆኖ ይገኛል።