የሚጠፋ ግልባጭ

እህቴ ለእናታችን የጠለፈችላት የጠረጴዛ ልብስ ዛሬም አለ። አበባውን ከመጽሔት ላይ ወሰደች፤ ነጩን ጨርቅ ዘርግታ ካርቦን አነጠፈችበትና በእስክሪብቶ ጫን እያለች ገለበጠችው። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ጠለፈች። ጥልፉ እንከን አይወጣለትም። ክሩ መሥመሩን ባልሸፈነበት ሁሉ ግን የካርቦኑ ሰማያዊ ብቅ ይላል። በሳሙና ታሸ፣ በበረኪና ተዘፈዘፈ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፤ አልለቀቀም።

ካርቦንን ለምን አልለቀቅህም ማለት አይቻልም፤ የተሠራው ላለመልቀቅ ነው። እንግሊዛዊው ራልፍ ዌጅዉድ እ.ኤ.አ. በ1806 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ዋናው ሥራው የቢሮ ነው፤ ጽሑፍ ማባዛትና የተባዛውን ማስቀረት። በጽሕፈት መኪና ዘመን የእኛም መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ የሚመታው በወረቀቶቹ መሐል ካርቦን እየተነጠፈ ነበር። ካርቦኑ ሄዶ «ግልባጭ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከደብዳቤው ግርጌ ቀርቷል። ቀለሙን የያዘው ሰም ስለሆነ ላጲስ አይነካውም፤ የውሃ ቀለም ሲቀቡበትም ሰሙ ቀለሙን አላስጠጋ ይላል። ለደረሰኝ የሚመሰገንበት ጠባይ ሥዕል ላይ መከራ ነው።

ለሥዕልና ለእጅ ሥራ የሚሆነው የግራፋይት መገልበጫ ወረቀት ነው። ሲያዩት የካርቦን መንትያ ይመስላል፤ ስስ ነው፣ አንድ ፊቱ ግራጫ። ግራጫው ግን ሰም የሌለው የእርሳስ ዱቄት ነው። እርሳስ ስል ልጠንቀቅ እንጂ! በአማርኛ ከባዱ ብረትም መጻፊያውም እርሳስ ነው፤ መጻፊያው ውስጥ ግን ቅንጣት የእርሳስ ብረት የለም። የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። አውሮፓውያንም ግራፋይትን ከእርሳስ ወገን ሲቆጥሩት ኖረው፣ በ1779 ስዊድን ይሠራ የነበረው ኬሚስት ካርል ሼለ የካርቦን ዘር መሆኑን አሳየ። ከ10 ዓመት በኋላ ጀርመናዊው አብርሃም ቨርነር «መጻፍ» ከሚለው የግሪክ ቃል ግራፋይት የሚል ስም አወጣለት። እንግዲህ ሰማያዊ ሰም ከተቀባው «ካርቦን» ይልቅ ካርቦን የሚለው ስም የሚገባው ለዚህኛው ነበር።

ግራፋይት እንደ ሞሰብ እንጀራ ድርብርብ ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ በራሱ ጠንካራ ነው፤ ከላይና ከታቹ ጋር ያለው መያያዣ ግን የላላ። ጫን ሲሉት ንጣፉ ተንሸራቶ ከሥር ያለው ወረቀት ላይ ይቀራል። የሚቀረውም ተደግፎ እንጂ ተጣብቆ ስላልሆነ፣ ላጲስ ሲመጣ ያለ ክርክር ይነሳል።

አያያዙ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ጥቃቅኑ ላይ ነው። ንድፉን ሸራው ወይም ኮምፔንሳቶው ላይ አስተካክለው የላይኛውን ጠርዝ ብቻ በፕላስተር ይያዙት። የግራፋይቱን ወረቀት ግራጫ ፊቱን ወደ ታች አድርገው መሐል ያስገቡ፤ ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ መሥመሩን ይከተሉ። ቀይ ያልኩት የተሄደበት ካልተሄደበት እንዲለይ ነው። በየመሐሉ የታችኛውን ጥግ ገለጥ አድርጎ ማየት ደግ ነው፤ ጨርሶ ማንሳት ግን አይሞከርም። አንድ ሚሊሜትር የሸሸ ዓይን የሰውየውን መልክ ይለውጠዋል። እጅ ተደግፎ የሚያርፍበት ቦታም ጥላሸት ይተዋል። ከሁሉ የከፋው ጉልበት ማብዛት ነው፦ መሥመሩ ይጠፋል፣ እስክሪብቶው የቦረቦረው ግን በላጲስ አይሞላም።

ጥቁር እንጨት ወይም ቆዳ ላይ ግራጫው ስለማይታይ ነጭና ቢጫ የተቀቡም ይሸጣሉ። አንዱ ወረቀት ደጋግሞ ያገለግላል፤ ሲደበዝዝ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ መጠቀም ነው። መግዛት ያልፈለገ ደግሞ የንድፉን ጀርባ በ6ቢ እርሳስ አጥቁሮ በጥጥ ያዳርሰው፤ እኔ ለትንንሽ ሥራ ከዚህ ሌላ አልጠቀምም። ነጭ ጨርቅ በነጭ ክር ለሚጠልፍ ግን ግራፋይትን አልመክርም፤ ክሩን ያጠቁራል። ለእህቴ ይበጃት የነበረው በውሃ የሚለቀው የልብስ ሰፊዎች መገልበጫ ነበር።

የገለበጠ ሰዓሊ አይባልም የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ሚላኖ አምብሮዚያና ውስጥ ራፋኤል ለ«የአቴና ትምህርት ቤት» ያዘጋጀው ንድፍ ተቀምጧል፤ ርዝመቱ 8 ሜትር ገደማ ነው። መሥመሮቹ በሙሉ በመርፌ ተበሳስተዋል። እንዲህ የተበሳሳ ወረቀት ላይ የከሰል ዱቄት በከረጢት መታ መታ ሲደረግ፣ ነጠብጣቡ በቀዳዳዎቹ አልፎ ከሥር ይታተማል። ራፋኤል የግራፋይት ወረቀት ቢኖረው ኖሮ ያን ሁሉ መርፌ አይወጋም ነበር።

እኔን የሚያስጠነቅቀኝ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን የሊኖሊየም ሕትመቴን ስሠራ «ሳባ» የሚለውን ቃል ከንድፌ ላይ እንዳለ ገልብጬ ቀረጽኩት። ቀለም ቀብቼ ባትም ወረቀቱ ላይ የወጣው «ቦሶ» ነው። ሕትመት ቀኝን ግራ ያደርጋል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ራብዑንና ሳብዑን የሚለየው ባጠረው እግር ነው። ስለዚህ ሳ ሶ፣ ባ ቦ ሆነው፣ ቦታም ተለዋውጠው ወጡ። የሌላ አገር ፊደል ሲዞር ብዙውን ጊዜ ስህተቱን ራሱ ይናገራል፤ የእኛው ግን ደህና ፊደል መስሎ ቁጭ አለ። አሁን ንድፉን በሚያሳይ ስስ ወረቀት አነሳውና፣ ወረቀቱን ገልብጬ እገለብጠዋለሁ።