ገል የሆኑ አማልክት

የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ካቆሟቸው ሐውልቶች ብዙዎቹን ያጠፋቸው የተሠሩበት ነገር ዋጋ ነው። ነሐስ ዳግም ይቀልጣል፤ ስለዚህ ትናንት የተሰገደለት አምላክ ነገ ሳንቲም ወይም የጦር መሣሪያ ሆነ። እብነ በረድ ሲቃጠል ኖራ ይወጣዋል፤ ስለዚህ የመቅደስ ምስሎች እየተፈለጡ በኖራ ምድጃ አለቁ። በእሳት የበሰለ ሸክላ ግን አንዴ ከተሰበረ ለማንም አይጠቅምም። አይቀልጥም፣ ኖራ አይሆንም፣ ወደ ጭቃነቱም አይመለስም። ገል ሆኖ በወደቀበት ይቀራል። በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች አካል የሌላቸው የሸክላ ራሶች፣ ለብቻው የቀረ እጅ፣ የቀሚስ እጥፋት ብቻ ተደርድረው የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ጎብኚው ወደ እብነ በረዱ አዳራሽ ሲቸኩል አብዛኛውን ጊዜ ያልፋቸዋል። ባያልፋቸው ብዙ ይማር ነበር።

ትንንሾቹን ምስሎች መሥራት በግሪክ ከተሞች ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ባለሙያው መጀመሪያ አንድ ዋና ምስል በእጁ ያበጃል። በዚያ ላይ ጭቃ ወይም ጀሶ ደፍኖ ቅርጽ ማውጫ ያነሣል። ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጣን ነው፤ ለስላሳውን ጭቃ እንደ ሊጥ አሳስቶ ወደ ቅርጽ ማውጫው በጣቶቹ ይጫነዋል፣ ጠጠር ሲል ያላቅቀዋል፣ ፊቱንና ጀርባውን ውሃ በበዛበት ቀጭን ጭቃ ያጣብቃል። ራስ፣ ክንድና ክንፍ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ተሠርተው ኋላ ይቀጠላሉ። ምስሉ ሲወድቅ ቀድሞ የሚለቀውም ይኸው መጋጠሚያ ነው፤ አንገት ላይ ይቀነጠሳል፣ ራሱ ድፍንና ጠንካራ ስለሆነ ይተርፋል። ከእሳት በፊት ምስሉ ነጭ አፈር ይቀባል፤ ከበሰለ በኋላ ደግሞ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ቀለም ይደረግለታል። ይህ ቀለም እሳት ስላላጠነከረው አብዛኛው በአፈር ውስጥ ረግፏል። ዛሬ የምናየው ደረቅ ቡናማ መልክ የጥንቱ ሰው ያየው መልክ አይደለም።

ሙሉው ምስል የሚደብቀውን ስባሪው ያሳያል። ገሉን ገልብጦ ውስጡን የሚያይ ሰው የሠራተኛውን የጣት አሻራ ሊያገኝ ይችላል፤ ጭቃውን ወደ ቅርጽ ማውጫው ሲጫን የተወው ነው፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም አልጠፋም። የጭቃው ቀለም የትውልድ አገር ይጠቁማል፤ የቆሮንቶስ ሸክላ ገርጣ ያለ ነው፣ የአቴንስ አካባቢው ደግሞ ወደ ቀይ ያደላል። መጠኑም ይናገራል። ሸክላ ሲደርቅና ሲበስል ስለሚኮማተር፣ ከተጠናቀቀ ምስል ላይ ቅርጽ ማውጫ አንሥቶ የሚገለብጥ ሠራተኛ ከዋናው ያነሰ ያገኛል፤ ከዚያ የሚገለብጠው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ አንዲት አምላክ በሦስት የተለያየ መጠን ስትገኝ፣ ማን ከማን እንደቀዳ በማስመሪያ መለየት ይቻላል።

እነዚህ ምስሎች ርካሽ ነበሩ፤ ትልቁ ዋጋቸውም እዚያ ላይ ነው። እብነ በረድ የሀብታምና የከተማ አስተዳደር ስጦታ ሲሆን፣ ሸክላው የገበሬው፣ የእናቲቱ፣ የሕመምተኛው ስለት ነው። ስለቱ አንዴ ለአምላክ ከተሰጠ የአምላኩ ንብረት ስለሚሆን ከመቅደሱ ቅጥር ውጭ አይጣልም። ቦታው ሲሞላ ካህናቱ እዚያው ቅጥር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩት ነበር። አርኪዮሎጂስቶች በአንድ ጉድጓድ በሺህ የሚቆጠር ስባሪ የሚያገኙት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከእነዚህ መካከል ልዩ ትኩረት የሚገባቸው ሳይሰበሩ ስባሪ የሚመስሉት ናቸው። በቆሮንቶስ የአስክሌጲዮስ፣ ማለትም የፈዋሹ አምላክ፣ መቅደስ ውስጥ የሸክላ እግሮች፣ እጆች፣ ጆሮዎችና ጡቶች ተገኝተዋል። በመካከለኛው ኢጣሊያም እንዲሁ፤ እዚያ ደግሞ ማሕፀንና በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ይጨመርበታል። ከትልቅ አካል የተቆረጡ አይደሉም። የታመመው ወይም የዳነው የአካል ክፍል ብቻ ተሠርቶ የቀረበ ስለት ነው። ማሕፀኑን ያቀረበችው ሴት ምን እንደለመነች መገመት አያቅትም። ስለ ጥንቱ ዓለም ተራ ሰው ሐዘንና ተስፋ ከዚህ በላይ የሚነግረን የእብነ በረድ ሐውልት አላየሁም።

ሸክላ ግን ትንሽ ብቻ አልነበረም። የሮም ጎረቤቶችና በብዙ ነገር አስተማሪዎች የነበሩት ኤትሩስካውያን፣ በሰው ቁመት የተሠሩ የሸክላ አማልክትን በመቅደስ ጣሪያ ላይ ያቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 በቬዪ የተገኘው አፖሎ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራ ነው፤ ዛሬ በሮም ቪላ ጁሊያ ሙዚየም ቆሟል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚተርከው በሮም የካፒቶል ኮረብታ የነበረው የጁፒተር ምስል ራሱ የሸክላ ነበር፤ ሠሪውም ከቬዪ የተጠራው ቩልካ ነው። ይህን የሚያህል ሸክላ በእሳት እንዳይፈነዳ እንፋሎት መውጫ ቀዳዳ ይተውለታል። የዚህ ቀዳዳ ነገር ኋላ ትልቅ ማጭበርበርን ለማጋለጥ ረድቷል።

የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1921 ባለው ጊዜ ሁለት የሸክላ ተዋጊዎችና አንድ ግዙፍ ራስ ኤትሩስካዊ ናቸው ብሎ ገዛ። ሠሪዎቹ የዘመኑ ኢጣሊያውያን ነበሩ። እቶናቸው ጠባብ ስለነበር ምስሉን ሙሉ አድርገው ሠርተው፣ ቀለም ቀብተው፣ ሰባብረው ቁርጥራጩን አበሰሉ። ስብራቱ የጥንትነት ምስክር መሰለ፤ ለአሥርት ዓመታትም ታመነ። በኋላ የሙዚየሙ ባልደረባ ጆሴፍ ኖብል ጥቁሩን ቀለም ሲመረምር ማንጋኒዝ አገኘበት፤ የጥንቶቹ ግን ጥቁሩን የሚያወጡት ብረት ካለበት ጭቃ፣ የእቶኑን አየር በመክፈትና በመዝጋት ነበር። ምስሎቹ እንፋሎት መውጫ ቀዳዳም አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1961 ከሠሪዎቹ አንዱ አልፍሬዶ ፊዮራቫንቲ ሮም ውስጥ ድርጊቱን አመነ። ከአንዱ ተዋጊ እጅ የጎደለውን አውራ ጣት ራሱ ጋ አስቀምጦት ኖሮ፣ ከስብራቱ ጋር ልክ ገጠመ።

ከማጭበርበር የከፋው ጉዳት ግን ዝርፊያ ነው። በግሪክ የምትገኘው ታናግራ እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ መቃብሮቿ በገፍ ተዘርፈዋል፤ ሻሽና ነጠላ የመሰለ ልብስ የተከናነቡት ውብ የሸክላ ሴቶቿ ወደ አውሮፓ ሳሎኖች ሲጎርፉ፣ ከማን አስከሬን ጋር እንደተቀበሩ የጻፈ አልነበረም። ዛሬ በቱርክ ምዕራባዊ ዳርቻ ባለችው ሚሪና ግን እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1882 አርኪዮሎጂስቶቹ ኤድሞን ፖቲዬና ሳሎሞን ሬናክ መቃብሮቹን በሥርዓት እየቆፈሩ ግኝቱን መዘገቡ። ስለ ሚሪና ምስሎች አገልግሎት የምናውቀው በዚህ መዝገብ ነው።

የገል ዋጋ በጉልህ የታየው በሲሲሊ ነው። አሜሪካ የሚገኘው የጌቲ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1985 የገዛው አንድ የሸክላ ራስ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ፣ ጢሙ ሰማያዊ የሆነ፣ የሙታን ዓለም ገዥ የሐዴስ ራስ። የጢሙ ጥቅልሎች አንድ በአንድ ተሠርተው የተለጠፉ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ጎድለዋል። በሲሲሊዋ ጥንታዊት ከተማ በሞርጋንቲና፣ በአምላኳ በዲሜትርና በልጇ በፐርሴፎኔ መቅደስ፣ ከዘራፊዎች በኋላ የቆፈሩ አርኪዮሎጂስቶች ያገኟቸው ስባሪዎች በመጋዘን ተቀምጠው ነበር። ሴሬና ራፊዮታና ማሪያ ሉቺያ ፌሩዛ የተባሉ ተመራማሪዎች ከእነዚያ መካከል ያሉት የሸክላ ጥቅልሎች፣ አንዱ ሰማያዊ ቀለም ያለበት፣ ከጌቲው ራስ የወጡ መሆናቸውን ለዩ። የሐዴስ ምስል በዚያ መቅደስ መቆሙም ትርጉም አገኘ፤ ፐርሴፎኔን ጠልፎ የወሰዳት እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ሙዚየሙ የሐዴስን ራስ እንደሚመልስ አስታወቀ፤ በ2016 ሲሲሊ ገባ። ከጣት የማይበልጥ ገል የሐዴስን ራስ ወደ አገሩ መለሰው፤ ቆፋሪዎቹ ሳይንቁ ባያስቀምጡት ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

የሐዴስ ራስ አሁን ከሞርጋንቲና ፍርስራሽ አቅራቢያ በአይዶኔ ከተማ ሙዚየም ይታያል። በኢጣሊያ የምትኖሩ ወይም ወደዚያ የምትሄዱ አንባቢያን፣ ሲሲሊ ከደረሳችሁ አይዶኔን ሳታዩ አትመለሱ። በየትኛውም ሙዚየም ደግሞ በሸክላ ስባሪ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ የተገኘበትን ቦታ በመግለጫው ላይ ፈልጉ፤ ካልተጻፈ ጠባቂውን ጠይቁ።