ቆጣሪው የሚቆጥረው ፊደል ነው ወይስ ባይት?

የኮምፓይለር ማኑዋል ላይ የአማርኛ ምሳሌ አስገብታችሁ «መስመሩ ከ80 አልፏል» ከተባላችሁ፣ አስቀድማችሁ ቆጣሪውን ፈትሹ።

ለምሳሌ «መልካ ወረር» ክፍተቱን ጨምሮ 7 ቁምፊ ነው። በዩቲኤፍ-8 ግን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 19 ባይት ይሆናል። የሲ ቋንቋው ርዝመት ቆጣሪ ተግባር «ስትርሌን» 19 ይላል፤ የፓይተን 3 «ሌን» ደግሞ 7 ይላል። ባይት ለሚቆጥር መሣሪያ 27 ፊደል ብቻ 81 ነው።

ምን ይደረግ?

1. ቆጣሪው በቁምፊ እንዲቆጥር አድርጉ።
2. ተራውን ጽሑፍ በቃላት መካከል ስበሩ። የኮድ ምሳሌን ግን በእጃችሁ፣ ለምሳሌ ከኮማ በኋላ፣ ትርጉሙ በማይዛባበት ቦታ።
3. እንደ ጂሲሲ ማኑዋል በቴክኢንፎ የምትጽፉ ከሆነ፣ «ስሞልኤግዛምፕል» የተባለው ትእዛዝ የምሳሌውን ፊደል በፒዲኤፍ ያሳንሰዋል።
4. ፒዲኤፉን ከፍታችሁ የቀኝ ጠርዙን እዩ። የግዕዝ ፊደል ብዙ ጊዜ ከላቲኑ ስለሚሰፋ፣ ቁጥሩ ልክ ሆኖም መስመሩ ሊያልፍ ይችላል።